ሙክታር አለ ወይስ የለም?

ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት አይችልም የሚል ሰው የእኛን ሰፈር አያውቅም። ሙክታር ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ሲያደርገው ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ በረዶ ይጠርጋል፤ እዚህ ድሬ ዳዋ ደግሞ ከእናቱ ጋር በአንድ የቤት ቁጥር ይኖራል፣ መታወቂያውንም በጊዜው ያሳድሳል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ግን ማንም አላሰበበትም። ሁለቱ ሙክታሮች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚገናኙ ያሰበ ሰው ቢኖር ኖሮ ያስጠነቅቀኝ ነበር፣ ምክንያቱም ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ደብተርና እርሳስ እሸጣለሁ። እንግሊዝኛም አነባለሁ። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሳይጠይቀኝ ስለምናገር፣ ሰፈሩ ውስጥ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሁን የቴሌቪዥን ካርቶን፣ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ተርጉሜለት ማሽኑ እስከ ዛሬ ውሃ ያስገባል እንጂ አያስወጣም። እሱ ግን እንደተማመነብኝ ነው፤ ባለፈው ወር ደግሞ የፍሪጁን ይዞልኝ መጣ።

አዴ ሀሊማ የመጣችው አንድ ማለዳ በሩን ገና ስከፍት ነው። የሙክታር እናት ናት፤ “አዴ” በኦሮምኛ “እናት” ማለት ነው። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትችላለች፤ “አንቺ” የምላት ስለምደፍራት አይደለም። እኛ ከተማ “እርስዎ” የሚባለው ለዳኛና ከሌላ አገር ለመጣ እንግዳ ነው። ስልኳን እንደ ትኩስ ነገር በሻርፗ ጫፍ ይዛ ዘረጋችልኝ።

“አቦ እስቲ ስማው፤ ይሄ ልጅ የሚለው አልገባኝም” አለችኝ።

ሙክታር መስመር ላይ ነበር። በአጭሩ ነገረኝ። አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ጥበቃ የሚባል ነገር ፈቅዳለች። አገራችሁ እስክትረጋጋ አንመልሳችሁም፣ እስከዚያው ሥሩ ነው ነገሩ። እሱ በእግሩ ብዙ አገር አቋርጦ የገባ ልጅ ነው፤ ወረቀት የለውም፣ ፓስፖርቱም አንድ ስሙን የማያውቀው ወንዝ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ እንዳለችው፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያሳይ የልደት የምስክር ወረቀትና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ከዚህ ይላክለት። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

“ካለፈኝስ በቃ፣ ሲይዙኝ ይመልሱኛል። ይሄ ሁሉ መንገድ ለምንም ሆነ ማለት ነው” አለ። ሳቅ የሚወድ ልጅ ነበር፤ ያን ቀን አልሳቀም።

መስፈርቱን በቴሌግራም ላከልኝ። መነጽሬን አደረግሁ፣ አዴ ሀሊማን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ማመልከቻ ስጽፍ ቢሮዎች የሚጠይቁት ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ነው። ይህ ግን የሚጠይቀው የት ነበርክ ነው። ከተባለው ቀን ጀምሮ ሳታቋርጥ በአካል እዚህ ተገኝተሃል? ሳታቋርጥ እዚህ ኖረሃል? ማክሰኞም ረቡዕም? አንድ ትልቅ መንግሥት ቁጭ ብሎ የአዴ ሀሊማ ልጅ በየቀኑ የት እንዳደረ ሊያውቅ መፈለጉ አስደነቀኝ። እኔን ሚስቴ እንኳን ያን ያህል አትጠይቀኝም።

ደግሞ ወንጀልን ይመለከታል። ከባድ ወንጀል ጨርሶ አይፈቀድም፤ ቀላሉ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይቻልም። “አንዱንስ?” አለች አዴ ሀሊማ። አንዱን የሚታገሱ ይመስላል አልኳት። ትንሽ አሰበችና “ሙክታር በልጅነቱ የመስጊዱን ማንጎ አውርዷል፤ እሱን ከቆጠሩት ሌላ የለውም” አለች።

የገረመኝ ግን ከታች ያለችው አንዲት መስመር ናት። ሰውዬው ከአሜሪካ ወጣ ብሎ ቢመለስስ ለሚለው መልስ አላት። መውጣቱ አጭር፣ ተራና ክፋት የሌለበት ከሆነ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ አይቆጠርም ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ሕግ የሚጽፍ ሰው “ክፋት የሌለበት” የሚል ቃል ይጽፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለአዴ ሀሊማ በአማርኛም፣ እኔ በምችለው ኦሮምኛም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። በኋላ ላይ እንደገባኝ፣ ያን ቀን ከእኔ ይልቅ ሕጉን በደንብ ያነበበችው እሷ ነበረች።

እስከ ቀትር ወሬው ሰፈሩን ዞረ። “አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ጥበቃ ሰጠች” ተብሎ ሰው በየተራ ጉርድ ፎቶ ይዞ መጣብኝ። የመጀመሪያው የባቡር ጡረተኛው ጋሽ ተፈራ ነው፤ ሽርጡን እንዳገለደመ፣ የልደት ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ።

“እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ መዝግበኝ” አለኝ።

“ጋሽ ተፈራ፣ ይሄ አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ነው። መስፈርቱ መጀመሪያ እዚያ መኖር ነው።”

“እዚያ ካለሁማ ምን ብዬ እጠይቃቸዋለሁ?” አለ።

እኛ ወደ ሥራችን ገባን። አዴ ሀሊማ ከቤቷ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። የልደት ወረቀቱ አለ፣ ሥር ላይ ተጣጥፎ። ከሱ በላይ ሦስት የቀበሌ መታወቂያ አለ። አንዱ ሙክታር ኪሱ ውስጥ ይዞት የኖረ፣ ጠርዙ የተቦጨቀ፣ ቀለሙ የሸሸ። ሁለተኛው ትንሽ የተሻለ። ሦስተኛው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማህተሙ ሐምራዊ ሆኖ የሚነበብ። እኔ የኮፒ ሰው ነኝ፤ ነገር ጥርት ብሎ ሲታይ ደስ ይለኛል። ያረጀውን በሁለት ጣቴ አንስቼ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። አዲሱን በማሽኔ ከፍተኛ ጥራት አነሳሁ፣ ፊትና ጀርባውን፣ ከልደቱ ጋር ላክሁ። “ይህንን ያየች ጠበቃ ድሬ ዳዋ ምን ዓይነት ባለሙያ እንዳለ ትረዳለች” ብዬም ለአዴ ሀሊማ ነገርኳት።

ጠበቃዋ ተረዳች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙክታር ደወለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

“ጠበቃዋ ባለፈው ዓመት ድሬ ዳዋ ሄደህ ነበር ወይ አለችኝ። ከገባሁ ጀምሮ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አላልኩም አልኳት። ታዲያ ይሄን መታወቂያ ባለፈው ዓመት ፈርመህ የወሰድከው አንተ አይደለህም? አለችኝ። ምን ልበላት?”

ዞር ብዬ አዴ ሀሊማን አየኋት። እሷም አየችኝ። ዐይኗ ውስጥ አንዳች ጥፋተኝነት የለም፤ የተገረመች ብቻ ናት።

“አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳደስኩት፤ ጊዜው ይለፍበት ታዲያ?” አለች። “አንድ ቀን ሲመጣ መንገድ ላይ መታወቂያ ቢሉት ምን ያሳያል? ከቤተሰብ ቅጹ ላይ ቢሰርዙትስ? በየሁለት ዓመቱ ፎቶውን ይዤ ለነቢል እሰጠዋለሁ፤ ነቢል ይሠራልኛል።”

ነቢል የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ከሙክታር ጋር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው። እናትየው ፎቶ ይዛ መስኮቱ ላይ ስትቆም “ራሱ ይምጣ” ለማለት አንጀቱ አልቻለም። ይህን ስሰማ የተገረምኩት በራሴ ነው። የአዴ ሀሊማ ቤት ግድግዳ በሙክታር ፎቶ የተሞላ ነው፤ ሁሉንም ያተምኩት እኔ ነኝ። በየዒዱ አንድ ይልካል። በረዶ እስከ ጉልበቱ፣ አካፋ በእጁ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቀን እጽፋለሁ፤ ማንም ጠይቆኝ ሳይሆን ጠባዬ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ግድግዳው የለም ይላል፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ አለ ይላል፣ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት በሰላም ኖረዋል።

ጠበቃዋ ከግድግዳው ፎቶ ሁሉ፣ የጀርባው ቀን ጭምር ይላክልኝ አለች፤ እሱ በጀን። ነገር ግን ከቀበሌው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሙክታር በዚህ ቀን ከከተማው ወጥቷል፣ መታወቂያው የታደሰው እሱ በሌለበት በቤተሰብ ጥያቄ ነው የሚል። የቀረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄድን። ከቀትር በኋላማ በእኛ ሙቀት ቢሮ የሚገኘው ወንበሩ ብቻ ነው። ነቢል ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። “አቦ ከሥራ ልታስባርሩኝ ነው?” አለኝ በሹክሹክታ። ከኋላው በቅርቡ ከሌላ ቀበሌ የተዛወረች ኃላፊ ተቀምጣለች፤ ሰፈራችንን አታውቅም፣ ሕግ ታውቃለች። ጉዳዩ ምንድን ነው አለች። አንድ ሰው ስለመኖር አለመኖሩ ነው አልኩ። እሷም ያለምንም ማመንታት “ሦስት የጎረቤት ምስክር አምጡ፤ ነገ ጠዋት” አለች።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴን የምናዘዘው። ምስክሮቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ተፈራን ጠራሁ፣ ቀፊራ በርበሬ የምትሸጠውን ሱአድን ጠራሁ፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለሁለቱም ያልኩት “ለሙክታር ቀበሌ መመስከር አለብን” ብቻ ነው። ምን ብለን እንደምንመሰክር አልነገርኳቸውም፤ እንዴት ሊጠፋቸው ይችላል ብዬ። የሙክታርን በረዶ በየዒዱ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን በእኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ወረቀት የያዘ ሰው ስለ ጎረቤት ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። አለ። አሁን እዚህ ነበር። ወጣ ብሎ ነው። ይህ ውሸት ሆኖ ታይቶን አያውቅም፤ በር እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። “የተጠቀሰውን ግለሰብ ያውቁታል? አሁን የት ነው ያለው?” አለች።

“አለ” አለ ጋሽ ተፈራ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። “ዛሬ ጠዋት ሰላም ብሎኝ ነው ያለፈው።”

ነቢል ዐይኑን ጨፈነ። እኔ ጋሽ ተፈራን በክርኔ ነካሁት፤ እሱ ግን አነሰ ያልኩ መስሎት “ጨዋ ልጅ ነው፤ ቦርሳም ይዞልኛል” ብሎ ጨመረበት።

“ወላሂ ትናንት ከኔ በርበሬ ገዝቷል፤ ሩብ ኪሎ፣ ለእናቱ” አለች ሱአድ።

ከዚያ ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። ሁለቱም ምስክሮች ያዩኛል። ጋሽ ተፈራ ከአባቴ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ ፊቱ ቆሜ ዋሽቷል ልበል? ሱአድስ ትናንት የሸጠችውን በርበሬ የት ላግባው? የመጣሁበትን ነገር ሁሉ እያወቅሁ፣ ሕጉን በሁለት ቋንቋ የተረጎምኩ ሰው፣ አፌ በራሱ ተከፈተና “እኔ እንኳን ከሩቅ ነው ያየሁት” አለ።

በዚህ መንገድ አምስት ዓመት አሜሪካ የኖረ ልጅ በሦስት ምስክር ፊርማ ድሬ ዳዋ ተገኘ። ቃላችን ተጽፎ፣ ፈርመንበት፣ ማህተም አርፎበት ወጣን። ደጅ ላይ ስነግራቸው ሱአድ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ተፈራ ግን ተቆጣ። “ስለ ሰው ስጠየቅ ዕድሜዬን ሙሉ ‘አለ’ ነው ያልኩት፤ ‘የለም’ በል ካልከኝ አስቀድመህ ትነግረኛለህ” አለኝ። ልክ ነው። የዓለም ሞኝ ብፈልግ ከራሴ የሚቀርብ አላገኘሁም።

ለአዴ ሀሊማ የነገርኳት ቤቷ ሄጄ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሙክታሮች ሁሉ ያዩኛል። የቀረን አንድ መንገድ እንደሆነ አስረዳኋት። እናትየው ራሷ ኃላፊዋ ፊት ቆማ ልጄ የለም፣ መታወቂያውን ያሳደስኩት እኔ ነኝ ማለት አለባት።

“የለም ብዬ አላውቅም” አለች። “አንድ ቀንም። በር ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ወጣ ብሏል ነው የምለው። የለም ካልኩ ራሴ ያባረርኩት ነው የሚመስለኝ።”

እኔ ወረቀት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ለእሷ ልጇ ነበር። መታወቂያውን ስታሳድስ የነበረችው ለፖሊስ አልነበረም። ቀና አለችና “ያቺን አጭር የምትለዋን እስቲ ድገማት” አለችኝ። ደገምኩላት። አጭር፣ ተራ፣ ክፋት የሌለበት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራኝ አለቻት፣ አንድ ቃል ሳትስት።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው መስኮት ፊት ቆምን። ኃላፊዋ “ጉዳዩ እኮ አልቋል፤ ሦስት ሰው አይቶታል” አለች።

“አላዩትም፤ እነሱ የተናገሩት እኔ ያስለመድኳቸውን ነው” አለች አዴ ሀሊማ። “ነቢልንም አትቆጪው፤ ደጅ እየጠናሁ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ልጄ…” አለችና ቆመች። ነቢል እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ልጄ እዚህ የለም። አምስት ዓመት ሆኖታል።”

መቼ ወጣ አለች ኃላፊዋ፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። አዴ ሀሊማ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አከታትላ ተናገረች፤ ከማንም መዝገብ በላይ ታውቀዋለች። “ጠዋት ነበር፤ አራት ሳንቡሳ ጠቅልዬለት አንዱን በላ። ሦስቱ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ” አለች። ነቢል ሳንቡሳውን አልጻፈም፤ ሊጽፈው ግን ትንሽ እንደቀረው አይቻለሁ።

ኃላፊዋ ትናንት የፈረምነውን ወረቀት አውጥታ ሻረችው። እኔንም ረዘም አድርጋ አየችኝ፤ ይገባኛል። አዲሱ መታወቂያ እንዲመለስ፣ ደብዳቤው እንዲጻፍ አዘዘች። ከዚያ የቤተሰብ ቅጹን ሳበችና “ከዚህም ይሰረዛል ማለት ነው” አለች።

“አይሰረዝም” አለች አዴ ሀሊማ።

“እናቴ፣ የለም ብለሽ ነገርሽኝ እኮ።”

“የለም። ግን መውጣቱ አጭር ነው። ተራ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ነው። ክፋት የለበትም። እንዲህ የወጣ ሰው ነዋሪነቱ አይቋረጥም። የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እሱን ጠይቂው፣ እንግሊዝኛ ያነባል።”

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። ለአንድ ጊዜ እንኳን እውነት ለመናገር ዕድል አገኘሁ፤ አዎ፣ እንደሱ የሚል አለ አልኩ። አምስት ዓመት አጭር ነው ወይ አለችኝ። ይህን ለእናቲቱ ተይው አልኳት። ያንን ሁሉ መስፈርት የጻፉት ሰዎች፣ ያቺ መስመር ድሬ ዳዋ ደርሳ ቀበሌ መስኮት ላይ በአንዲት እናት አፍ ክርክር ትሆናለች ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። እኔ ግን ቆሜ ሳያት፣ የተጻፈችው ለእሷ ነው ብዬ አመንኩ።

ኃላፊዋ ለጥቂት ጊዜ ቅጹን አየችው። “ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም” አለች ለነቢል፣ አዴ ሀሊማን ላለማየት እየሞከረች። “ስሙን ተወው። ጎኑ ላይ ለጊዜው ውጭ አገር ነው ብለህ ጻፍ። በእርሳስ።”

ነቢል ጻፈ። አዴ ሀሊማ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ አየችው።

“ለምን በእርሳስ?” አለችው።

“ሲመጣ እናጠፋዋለን፣ አዴ” አላት ነቢል።

ደብዳቤውንና የግድግዳውን ፎቶዎች በዚያው ቀን ላክሁ፤ ያረጀውን፣ ጠርዙ የተቦጨቀውን መታወቂያም ጭምር። ምዝገባው ሳይዘጋ ማመልከቻው ገባ። የደረሰኙን ምስል ሙክታር ሲልክልኝ አብሮ በላከው የድምፅ መልእክት ላይ ይስቅ ነበር። ፈቃዱ ይምጣ አይምጣ ገና አላወቅንም፤ ቢመጣም ጊዜያዊ ነው፣ ይህንን አዴ ሀሊማ ከማንም በላይ ትወደዋለች።

እኔ ያን ቀን ከቀበሌ ስመለስ ከሱቄ መደርደሪያ አንድ አዲስ ላጲስ አንስቼ ለነቢል ወስጄ ሰጠሁት። መሳቢያው ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አዴ ሀሊማ ወደ ቀፊራ ስታልፍ መስኮቱ ጋ ቆም ትልና “ላጲሱ አለ?” ትለዋለች። ነቢል መሳቢያውን ከፍቶ ያያል፣ “አለ” ይላታል፣ እሷም መንገዷን ትቀጥላለች።